ንጥል 14፦ ምንጣፍ፣ አንድ ጥቅል

፩

ንጥል 14። ምንጣፍ፤ አንድ ጥቅል፤ ቀይ።
ቦታ፦ ከመግቢያው በር በላይ፣ በውስጥ በኩል፣ አግዳሚው እንጨት ላይ።
ሁኔታ፦

ምንትዋብ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ምሳ በልቶ እንደተኛ ሰው ከበሩ በላይ ተጋድሟል። «በቦታው አለ» ብላ ጻፈች።

«ውሰጂው» አሉ ከኋላዋ እማማ ሻምሲያ፣ የቤቱ ባለቤት።

ምንትዋብ ከባለንብረት ስጦታ መቀበል እንደማይፈቀድላት በትሕትና ነገረቻቸው።

«ስጦታ ማን አለሽ፣ ልጄ? መንግሥት ንብረቱን ይውሰድልኝ ነው የምለው።»

፪

ይህ ታሪክ በቁጥር የተከፋፈለው ምንትዋብ ቁጥር የሌለው ነገር ስለማይዋጥላት ነው። ሐረር የገባችው በበጋ ነበር። ገብታ የተከራየችውን ክፍል በሜትር ስትለካ አንደኛው ግድግዳ ከፊት ለፊቱ ካለው በአንድ ስንዝር አጥሮ አገኘችው። አከራይዋን ጠርታ አሳየቻት። አከራይዋ ግድግዳውን አየች፣ ምንትዋብን አየች፣ ሻይ ትጠጪያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ሥራዋ «የአሮጌ ቤቶች እንክብካቤ ክፍል» በሚባል ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። አሮጌውን ከተማ በሚከበው ግንብ ውስጥ ወዳሉ ጥንታዊ ቤቶች ትገባለች፤ በቀድሞ ጊዜ የተመዘገበውን ዝርዝር ከቤቱ ጋር ታስተያያለች። ዝርዝሩና ቤቱ ከተስማሙ መንግሥት ለቤቱ መጠገኛ የጥድ ወራጅ፣ ኖራና የግንበኛ ጉልበት ይሰጣል። ካልተስማሙ አይሰጥም።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሲነገር።

፫

እንዲህ ያለ ቤት ሲገቡ የሚከተሉትን ይፈጽሙ።

ጫማዎን ያውልቁ።

ከፊትዎ ያሉትን መደቦች ይመልከቱ። ከፍታቸው የተለያየ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ያውቃል። ሳይጋበዙ ከፍ ያለው ላይ አይውጡ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሳህኖችና የተሰፉ ሙዳዮች ያድንቁ፤ ነገር ግን አይቁጠሩ። (ምንትዋብ ትቆጥራለች። ደመወዝ የሚከፈላት ለዚያ ነው።)

አሁን ዞር ብለው የገቡበትን በር ከውስጥ በኩል ይመልከቱ። ከበሩ በላይ ባለው እንጨት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካዩ፣ በዚህ ቤት ለወግ ለማዕረግ የደረሰች ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው። ልጅቷ ስታገባ ምንጣፉ ይወርዳል።

ስለዚህ ምንጣፍ ካዩ ሁለት ምርጫ አለዎት።

ዝም ማለት።

ሽማግሌ መላክ።

፬

ከምንትዋብ በፊት መዝጋቢ የነበሩት አቶ ገዛኸኝ ይባላሉ። የመጡት ምዝገባው በተጀመረበት ዓመት ከሩቅ አገር ነው። ስለ ምንጣፍ የነገራቸው አልነበረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። እማማ ሻምሲያ ቤት የደረሱት ልክ ምሳ ሲቀርብ ነበርና ከመመዝገባቸው በፊት በሉ። ከዚያ እንደገና በሉ። ከዚያ ትራሱን ደገፍ አሉና፣ ከተጋደሙበት ሳይነሡ፣ ዓይናቸው ያረፈበትን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፉ። ዝርዝሩ የሚያበቃው እንዲህ ብሎ ነው፦

ንጥል 15። ድመት፤ አንዲት፤ ነጭ። ቦታ፦ ትንሹ መደብ፣ የግራ ጥግ። ሁኔታ፦ ጥሩ።*

በዚያን ጊዜ የእማማ ሻምሲያ አንድያ ልጅ ረምላ ገና አላገባችም፤ ምንጣፉ ተሰቅሏል። ከዝርዝሩ ግርጌ «የተመዘገበ ማንኛውም ንጥል ከቦታው ሊነሣ አይችልም፤ ንጥል የጎደለበት ቤት ድጋፍ አያገኝም» የሚል ጽሑፍ ታትሟል። እማማ ሻምሲያ ሳያንገራግሩ ፈረሙ። ስለ ምሳው የተጻፈ የምስጋና ወረቀት መስሏቸው ነበር።

* ድመቷ ከጊዜ በኋላ ሞተች። እማማ ሻምሲያ ንጥል እንዳይጎድልባቸው ሠፈሩን አስሰው ሌላ ነጭ ድመት አመጡ። በጥገና ሥራ ቋንቋ ይህ «በተመሳሳይ ቁሳቁስ መተካት» ይባላል፤ የተፈቀደ ነው።

፭

ረምላ ሙኒርን አገባች። ሙኒር ግንበኛ ነው፤ አባቱም ግንበኛ ነበሩ፤ የእነዚህን ቤቶች ጣሪያ እንደሱ የሚያውቅ በግንቡ ውስጥ የለም ይባላል፤ የሚለውም እሱ ራሱ ነው። በሠርጉ ዕለት ምንጣፉ በእልልታ ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ገዛኸኝ ለክትትል መጡ። ንጥል 14 የለም። እማማ ሻምሲያ ልጃቸው ማግባቷን በደስታ አበሠሯቸው። አቶ ገዛኸኝም እንኳን ደስ ያለዎ ብለው፣ ለመሆኑ ጋብቻው በቤቱ ላይ ለውጥ ስለሚያስከትል ከክፍሉ ቅድመ ፈቃድ ተጠይቆበታል ወይ አሉ።

አልተጠየቀበትም።

ምንጣፉ ተመልሶ ተሰቀለ። ለጊዜው ነው ተባለ።

ለጊዜው።

ረምላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ድክ ድክ አለች፣ ሮጠች፣ አፏን ፈታች፤ ከበሩ ሥር ቆማ ወደ ላይ እያየች «ያ የማን ነው?» ማለት ጀመረች። አቶ ገዛኸኝ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። ምንጣፉ አልተዛወረም።

፮

ምንጣፉን አይተው ሽማግሌ የላኩ ወይም ራሳቸው የመጡ (በከፊል)፦

የድሬዳዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ ለወንድሙ።

አንድ የሒሳብ መምህር፣ ለራሱ። ልጅቷን አላያትም፤ ግን «ሊሆን የሚችልበት ዕድል አለ» ብሎ ነበር።

ከገጠር የመጡ አንዲት ሴት፣ ለልጃቸው። ምንጣፉን ዳሰስ አድርገው፣ እንዲህ ያለ ምንጣፍ የሰቀለ ቤት ልጅቷን ማየት አያስፈልግም አሉ።

የመብራት ቆጣሪ አንባቢው። ሁለት ወር ቆጣሪ ብቻ አነበበ። በሦስተኛው ወር ጸጉሩን ተቆርጦ መጣ።

የድሬዳዋው ነጋዴ፣ በድጋሚ፣ ለሌላ ወንድሙ።

እማማ ሻምሲያ ሁሉንም በክብር ተቀበሉ፤ ሁሉንም አበሉ፤ ለሁሉም አንድ ቃል ነገሩ፦ ልጅቷ የእኔ አይደለችም፣ የመንግሥት ናት። ሠፈሩ ይህን ሲሰማ ሌላ ጨዋታ አላስፈለገውም። ገበያ ላይ ሲያገኟቸው የመንግሥት ልጅ እንዴት ናት፣ ቁመት ጨመረች ወይ ይሏቸዋል። እሳቸውም ደህና ናት፣ በጀት እስኪለቀቅላት እየጠበቀች ነው ይላሉ።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ሙኒር። የሥራ ጓደኞቹ ድንጋይ ሲያቀብሉት አብረው የሚያቀብሉት ነገር አይጠፋቸውም።

«አንተ እኮ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነህ» አለው አንደኛው አንድ ቀን። «ምንጣፉ ሲወርድ ቋሚ ትሆናለህ።»

ያን ቀን ሙኒር ከዚያ ምንጣፍ ሥር ላያልፍ ማለ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ይገባሉ፤ እሱ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አማቱን በበሩ በኩል ሰላም ይላል። ምሳው በሳህን ይወጣለታል። እማማ ሻምሲያ ከውስጥ ሆነው ጥላውን እያዩ ይበላሉ። በመንግሥት ልጅ የሚቀልዱት እሳቸው፣ በዚህ አይቀልዱም። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ሰው ደጅ ላይ ይበላል።

፯

(ይህ ቁጥር ከእማማ ሻምሲያ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ነበር። ርሷል። አይነበብም።)

፰

ጣሪያው።

ከትልቁ መደብ በላይ ያለው ዋናው ወራጅ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ባላ ቆሞለታል። ምንትዋብ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ወስፌ ወጋችበት። ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። እማማ ሻምሲያ በዚያው ባላ አጠገብ ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ ነበር። የተወለዱት፣ የተዳሩት፣ ባላቸውን የሸኙት እዚሁ ቤት ነው፤ ሌላ የሚቀመጡበት የላቸውም፤ ቢኖራቸውም አይሄዱም። ምንትዋብ «የሚመጣውን ክረምት አይሻገርም» ብላ ጻፈች። ድምፅ አውጥታ አላነበበችም፤ እማማ ሻምሲያ ግን የወስፌውን እጀታ አይተው ነበር።

መልካሙ ዜና አዲሱ ወራጅ መዘጋጀቱ ነው። ተጠርቦ፣ ደርቆ፣ የቤቱ ቁጥር በጠመኔ ተጽፎበት መጋዘን ውስጥ ይጠብቃል። ንጥሎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፤ ድመቷ ሳትቀር። ምንትዋብ ይህን በደስታ ስትነግራቸው እማማ ሻምሲያ ለመሆኑ ማን ይሠራዋል አሏት።

ሌላ ግንበኛ ልትፈልግ ወጣች። የመጀመሪያው የሙኒር አማት ቤት ነው ብትለው ሳቀ። ሁለተኛው ሙኒር ሞተ እንዴ አላት። ሦስተኛው እሷ ከሙኒር ጋር ምን እንዳጣላት ጠየቃት። በዚህ ከተማ የግንበኛን አማት ጣሪያ ሌላ ግንበኛ ቢነካው ባለሙያውን መስደብ ነው። ሙኒር ራሱ ደግሞ ሌት ተቀን እሠራለሁ አለ፤ ወራጁ የሚለወጠው ግን ከውስጥ ነው። ውስጥ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። ከበሩ በላይ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል።

ምንትዋብ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ነገሩን በወረቀት አሰፈረችው፦

ምንጣፉ ከወረደ፣ እንጨት የለም።

ምንጣፉ ካልወረደ፣ ሙኒር የለም።

ከሁለቱ አንዱ ከሌለ፣ ጣሪያ የለም።

ጣሪያ ከሌለ፣ ከንጥል 1 እስከ ንጥል 15 የለም።

(ድመቷ ልታመልጥ ትችላለች።)

፱

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ኢምራን የከተማው ተወላጅ ናቸው። ስለ ምንጣፍ ማንም ሊያስረዳቸው አይችልም፤ እናታቸው ቤት አራት ጥቅል ነበር፤ አራተኛው የወረደ ቀን አባታቸው ከደስታ ብዛት ትኩሳት ያዛቸው። ነገሩ ቢገባቸውም እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። እማማ ሻምሲያ አክስታቸው ናቸው። የከተማው እኩሌታም አክስታቸው ነው።

«የአክስቴን ምንጣፍ ካወረድኩ» አሉ «ነገ የአጎቴ ሚስት ግድግዳዋን ታወርዳለች።»

አንድ መንገድ ብቻ አለ። ንጥል ከዝርዝሩ የሚነሣው ይገባኛል የሚል አመልካች ሲቀርብ፣ ምክንያቱም በባለሙያ ሲረጋገጥ ነው። አቶ ኢምራን አመልካች አምጪልኝ አሏት፤ ዘመዴ ያልሆነ ቢሆን ይመረጣል ብለው አከሉ፤ ከዚያ ትንሽ አሰቡና ይህኛውን ተዪው፣ አይገኝም አሏት።

ምንትዋብ ለእማማ ሻምሲያ ነገረቻቸው። እማማ ሻምሲያ ሽንኩርቱን አስቀመጡ። አሰቡ። ከዚያ ሳቁ ከሆዳቸው ጀምሮ ወደ ትከሻቸው ወጣ፤ እስኪወርድ ምንትዋብ ቆማ ጠበቀች። አመልካች ከሆነ የተፈለገው እኔ እልካለሁ አሉ።

፲

ቃለ ጉባኤ

የተገኙ፦ አቶ ኢምራን (ኃላፊ)፣ ሐጂ ሺሃብና ሁለት ሽማግሌዎች (አመልካቾች)፣ ምንትዋብ (ጸሐፊ)።

ሐጂ ሺሃብ፦ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው።

አቶ ኢምራን፦ ለመልካም ነገር የሚመጣ እዚህ ቢሮ ብርቅ ነው፣ ሐጂ። ተቀመጡ።

ሐጂ ሺሃብ፦ ቃላችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም። ልጃችሁን ልንጠይቅ ነው።

አቶ ኢምራን፦ የትኛዋን?

ሐጂ ሺሃብ፦ ሻምሲያ ቤት ምንጣፍ የሰቀላችሁላትን።

(ኃላፊው ወደ መስኮቱ ዞረው ቆዩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።)

አቶ ኢምራን፦ ሐጂ፣ ይህ ክፍል ልጅ የለውም።

ሐጂ ሺሃብ፦ ልጅ ከሌለው ምንጣፉ እዚያ ምን ይሠራል?

(ኃላፊው ዝርዝሩን አገላበጡ።)

አቶ ኢምራን፦ ምንጣፉ የተመዘገበ ነው።

ሐጂ ሺሃብ፦ እኛስ ምን አልን? በሕግ ይዛችኋታል፤ በሕግ ስጡን።

አቶ ኢምራን፦ ለማን ነው የምትጠይቋት?

ሐጂ ሺሃብ፦ ለሙኒር።

አቶ ኢምራን፦ ሙኒር እኮ ሚስት አለው።

ሐጂ ሺሃብ፦ አለችው። እሷኑ ነው የምንጠይቅለት። ምንጣፉ የተሰቀለው ለረምላ ነው። እናቷ ሰጥታለች፤ ዝርዝራችሁ ግን እስከ ዛሬ አልሰጠም።

አቶ ኢምራን፦ ኒካህ ሁለቴ ይታሰራል እንዴ?

ሐጂ ሺሃብ፦ ኒካሁ አንዴ ታስሯል፤ እሱን ማንም አይነካውም። መጠየቅ ግን ስንቴም ቢሆን ማንን ይጎዳል?

አቶ ኢምራን፦ (ለጸሐፊዋ) ይህ ምክንያት ይሆናል?

ምንትዋብ፦ አመልካች አለ። ይገባኛል የሚል አለ። ቤቱ «እንደነበረ» መቆየት አለበት የሚለው ደንብ እንደማይጣስ ግን ሄጄ ማረጋገጥ አለብኝ።

አቶ ኢምራን፦ አረጋግጪ። እኛም በበኩላችን ልጅቷን እንጠይቃለን። ያለ ፈቃዷ አንሰጥም።

ሐጂ ሺሃብ፦ አሁን ተቀመጥን።

፲፩

ምንትዋብ መሰላል አቆመች። ምንጣፉን ሳታወርድ ወደ ጎን ገፋ አደረገችውና አጉሊ መነጽሯን አውጥታ እንጨቱን አየች።

እንጨቱ ዳርና ዳር ወፍራም ቀይ ቀለም አለው። መሐሉ፣ ምንጣፍ የሚያርፍበት ቦታ፣ እንደ ኮርቻ ጎድጉዷል። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተደራርቦ ይታያል፦ ቀለም፣ ከዚያ በገመድ የተፋቀ፣ እንደገና ቀለም፣ እንደገና የተፋቀ። ምንትዋብ ቆጠረች።

ወደ ታች ሳታይ ይህ እንጨት መቼ መቼ ነው የሚቀባው ብላ ጠየቀች። እማማ ሻምሲያ ባዶውን ሲሆን ነዋ፣ ምንጣፍ ተሰቅሎበት እንዴት ይቀባል አሏት።

ምንትዋብ እንደገና ቆጠረች። እያንዳንዱ መፋቅ አንዲት ያላገባች ልጅ ነው። እያንዳንዱ ቀለም አንድ ሠርግ ነው። ምንጣፉ ስድስት ጊዜ ወጥቷል፤ ስድስት ጊዜ ወርዶ እንጨቱ ተቀብቷል። ሰባተኛዋ ረምላ ናት። ከእሷ መፋቅ በላይ ቀለም የለም። ከእማማ ሻምሲያ በቀር ስማቸውን የማታውቃቸው ስድስት ሴቶች ከዚህ በር ሥር አልፈዋል፤ እያንዳንዳቸውም ከኋላቸው የወረቀት ውፍረት ያለው ቀይ መስመር ትተዋል።

ከመሰላሉ ስትወርድ አፍንጫዋ ላይ ቀይ ቀለም ነበር፤ ሐረር ከገባች ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትለካ ሳቀች። እማማ ሻምሲያ ምን እንዳሳቃት ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ። ድመቷ ወጣች።

ዘገባዋ አጭር ነበር፦ ምንጣፉ መውረዱ የቤቱ የቀድሞ ሁኔታ አካል ነው። ለውጥ የሚባለው አለመውረዱ ነው።

አቶ ኢምራን ሁለቴ አነበቡት።

«ታዲያ ቤቱን የለወጥነው እኛ ነን ማለት ነው?»

በአንድ ምንጣፍ ያህል ብቻ ነው አለቻቸው።

፲፪

የቀረው የልጅቷ ፈቃድ ነበር። ማንም እንደ ጥያቄ አልቆጠረውም። ሐጂ ሺሃብ ሲሄዱ ረምላ ልብስ እያሰጣች አገኟት፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። እስኪያማት ሳቀች። እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ሌላ ልብስ አነሣችና፣ አራግፋ፣ ገመዱ ላይ እያስተካከለች፦

«አስብበታለሁ።»

ሐጂ ሺሃብ ቀልድ መስሏቸው ጠበቁ። ቀልድ አልነበረም። በፊት ሽማግሌ ሲመጣ እናቷ ጠሯት፣ ወጥታ አንገቷን ደፋች፣ አለቀ። ሙኒርን ጠልታው አይደለም፤ ግን ማንም ጊዜ ሰጥቶ አልጠየቃትም። አሁን መንግሥት ያለ ፈቃዷ አንሰጥም ካለ መንግሥት ዕድሜ ይስጠው፣ ታስብበታለች።

ሠፈሩ አበደ። ሙኒር የሚይዘውን አጣ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ ማንን እንደሚቆጣ ግን አላወቀም። ቀጥሎ የዘይቱን ፍሬ በዘንቢል ገዝቶ ገባ። ቀጥሎ ከሠርጋቸው ጀምሮ እሠራዋለሁ ሲል የቆየውን የወጥ ቤት መደርደሪያ ሠራ። ቀጥሎ ሽቶ ተቀባ። የሥራ ጓደኞቹ ሽቶው ድንጋዩን ሳይቀር እንዳሰከረው፣ ፈተናውን ከወደቀ ደግሞ ቆጣሪ አንባቢው እየጠበቀ መሆኑን ነገሩት። ትንሿ ልጁ አባባ እናቴን ልታገባት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እንጃ አላት።

ምንትዋብ ወረቀቷን ገለበጠች፣ አገላበጠች። ለዚህ መልስ ምልክት የሚደረግበት ሣጥን የለም።

ከተማውን ቁልቁል ከሚያየው ከሐኪም ተራራ በላይ ደመና መከማቸት ጀመረ።

፲፫

ረምላ አሰብኩ ብላ ላከች።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና በግንቡ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች አይገባምና ወራጁን ሰዎች በትከሻ አምጥተው ግቢው ውስጥ አጋደሙት። አቶ ኢምራን ማኅተሙን ኪሳቸው ከተው መጡ። ሐጂ ሺሃብ አዲስ ኮፍያ አድርገዋል። እማማ ሻምሲያ ከተሰነጠቀው ወራጅ ሥር፣ ከባላው አጠገብ፣ እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል። ረምላ ከእናቷ ጎን ናት። ሙኒር መሣሪያዎቹን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ከደጁ አንድ እርምጃ ወዲያ፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ።

ሐጂ ሺሃብ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ ረምላ እጇን አነሣች።

«ሽማግሌ አልፈልግም፣ ሐጂ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ራሱ ይጠይቅ።»

ሐጂ ሺሃብ አቶ ኢምራንን አዩ። አቶ ኢምራን ምንትዋብን አዩ። ምንትዋብ የሚከለክል አንቀጽ እንደሌለ ራሷን ነቅንቃ ገለጸች።

«ምን ብዬ?» አለ ሙኒር ከውጭ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ባለፈው ጊዜ ምን እንደተባለ አልሰማሁም፤ ጓዳ ነበርኩ።»

የመጀመሪያው ጠብታ የግቢውን ድንጋይ መታ። ከዚያ ሁለተኛው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ውስጥ ከተሰነጠቀው ወራጅ አንድ ጠብታ ወርዶ እማማ ሻምሲያ እጅ ላይ ዐረፈ፤ እሳቸውም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በቀሚሳቸው ጠረጉት።

ሙኒር ኮፍያውን አወለቀ። ቀና ብሎ ምንጣፉን በበሩ ውስጥ አየው፤ ከማለበት ቀን ወዲህ ዓይኑን አንሥቶ አይቶት አያውቅም ነበር።

«አርብ አርብ እዚህ ድንጋይ ላይ ሆኜ ስትስቂ እሰማለሁ» አለ። «ከእናትሽ ጋር ስትስቁ። ምን እንደሚያስቃችሁ አላውቅም። ቤት ስንመለስ እንዳልጠይቅሽ እልህ ይይዘኛል።» ዝናቡ ፀጉሩ ላይ ይወርድ ጀመር። «ረምላ፣ ልግባ?»

ረምላ ተነሣች። የምንትዋብ መሰላል አሁንም ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ በእሱ ወጣች። እጇን ገመዱ ቋጠሮ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ዞር ብላ ቁልቁል ባሏን አየችው፤ እሱም ሽቅብ አያት።

ምንትዋብ ዝርዝሩን ከፈተች፤ እስክሪብቶዋን ከፈተች፤

፲፬

ንጥል 15። ድመት፤ አንዲት፤ ነጭ።
ቦታ፦ ወለሉ ላይ በተዘረጋ ቀይ ምንጣፍ መሐል።
ሁኔታ፦ ተኝታለች።

ንጥል 14። ምንጣፍ፤ አንድ ጥቅል፤ ቀይ።
ሁኔታ፦ ወርዷል።
ምክንያት (በአንዱ ላይ ምልክት ያድርጉ)፦

☐ ጠፍቷል
☐ ተሰርቋል
☐ ተበላሽቷል
☐ ሌላ (ይገለጽ)፦